ጋን ውስጥ ያደረ መለኪያ

ልጄ ንጋት ከሞጣ ደውላ ቁርጡን ነገረችኝ። «እማ፣ የአርሴማ ሳል ከቤትሽ ጭስ የመጣ ከሆነ እወስዳታለሁ። እዚሁ ሞጣ ትማራለች። ዩኒፎርም ሁሉ ገዝቼላታለሁ።»

አርሴማ የልጅ ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ጡት ከጣለች ጀምሮ ቢቸና እኔው ዘንድ ናት። እሷ ከሄደች ማንን «ልብስ ደርቢ፣ ጸሐይ አትምታሽ» እያልኩ ልነዘንዝ?

በዚያው ሳምንት ሲስተር ሊድያ መጣች። ሞጣ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሰው በቀን ምን ያህል ጭስ እንደሚተነፍስ ታጠናለች። የክብሪት ሳጥን የምታክል መለኪያ አርሴማ አንገት ላይ አንጠለጠለችላት።

«እማማ ይርጋነሽ፣ ይቺ በየደቂቃው አየሩን ትመዘግባለች። ሁለት ቀን ከአንገቷ አይውረድ። ስትተኛ ራስጌዋ ይሰቀል።»

«ውኃ ቢነካውስ? ላም ብትልሰውስ?»

«ላም አለዎት እንዴ?»

«የጎረቤት አለቻ!»

ሲስተር ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለቱን ቀን አርሴማን እንደ ዘበኛ ተከተልኳት። ምድጃውን ከቤት አውጥቼ ደጅ ከተከልኩ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ በኩል ልቤ ሙሉ ነበር። የፈራሁት አይጥ ነው። ባለፈው የነጠላዬን ጥለት የበላ አይጥ ይህን ማንገቻ ይምረዋል? በቤቴ አይጥ የማይደፍረው ጋን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትተኛ መለኪያውን ቀስ ብዬ ወሰድኩና ለነገ ጠላ ካዘጋጀሁት ባዶ ጋን ውስጥ አስቀምጬ ከደንኩት። ጎህ ሲቀድ መልሼ ራስጌዋ ሰቀልኩ።

ቅዳሜ አርሴማን ይዤ በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን። ንጋትም ሲስተር ሊድያ ቢሮ ጠበቀችን። ሲስተር መለኪያውን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘች። ሰማያዊ መስመር ወጣ፤ ጠዋት ዝቅ፣ ቀን ዝቅ። እጄን ላጨበጭብ ስል ድንገት መስመሩ ወደ ላይ ተተኮሰና ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተንጠልጥሎ አደረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሲስተር። «የሚቃጠል ቤት ውስጥ ነው እንዴ የተኛችው?»

ንጋት ተነሣች። «አለቀ፣ እማ። ልብሷን እሁድ መጥቼ እወስዳለሁ።»

«ቆይ እንጂ! ሌሊት እሳት የለም እኮ!» ጮህኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። «ሲስተር... መለኪያው ከልጅቷ ጋር አላደረም። ጋን ውስጥ ነው ያደረው።»

«ጋን ውስጥ?»

«አይጥ ፈርቼ! ጋኑ ደግሞ ያን ቀን በወይራ ጭስ የታጠነ ነበር።»

ሲስተር ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ንጋት እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እንግዲያው የተለካው የጋኑ ሳንባ ነዋ!» አለች ንጋት። አርሴማ በደስታ ዘለለች። ተረፍን አልኩ።

ዓይኔ ግን ከመስመሩ አልተነቀለም። ከዚያ ከሌሊቱ ተራራ በፊት አንዲት ቀጭን ጫፍ ቆማለች። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ። ጋን የማጥንበት ሰዓት ነው። ማንም ስለ እሷ አልጠየቀኝም። ዝም ብል አርሴማ ከእኔ ጋር ትመለሳለች፤ ዝም ብል ሳሉም አብሯት ይመለሳል።

«ይቺንስ አታዩዋትም?» አልኩና ጣቴን ጫፏ ላይ አሳረፍኩ። «ከኮሮና ወዲህ አፍንጫዬ አይሸትም። ጋኑ በደንብ መታጠኑን የምታሸትልኝ አርሴማ ናት። ራሷን አስገብታ...»

«እኔ ካላልኩ ጠላ አይጠመቅም!» አለች አርሴማ በኩራት። «ሦስቴ ነው የምስበው!»

ማንም አልሳቀም። «በሳምንት ስንት ጋን ነው?» አለች ሲስተር።

«አራት። አንዳንዴ አምስት።»

ጠላ ሻጭ ነኝና። ሲስተር አርሴማን ወደ ራሷ አስጠጋቻት። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ እንደሚቀር፣ የልጅ ሳንባ ደግሞ ገና እያደገ ስለሆነ ቶሎ እንደሚቆጣ አስረዳችን። እኔ ከጸሐይ፣ ከላም፣ ከአይጥ ስጠብቃት ኖሬ በገዛ እጄ ጭስ ውስጥ ስደፍቃት ከረምኩ! ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

«አንድ ወር» አለች ንጋት። «አንድ ወር ጋን አጠገብ አትድረስ። ከዚያ እንደገና ትለካ።»

በዚያ ወር ጋኖቼን ከጓሮ ጫፍ፣ ከቤት ርቄ አጠንኩ። የሚያሸትልኝ ጎረቤቴ አቶ ባየ ሆነ፤ ጠላ ወዳጅ ስለሆነ እንዲያሸት አልለመንኩትም፣ ደጋግሞ እንዳያሸት ነበር ልመናዬ። የአርሴማ ሳል በሁለተኛው ሳምንት ረገበ። በሦስተኛው ሌሊቱን ሙሉ ጸጥ ብላ ስትተኛ ደንግጬ ተነሥቼ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

እንደገና ተለካች። መለኪያው ራስጌዋ አደረ፤ አይጡን እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

ሞጣ ስንደርስ የአርሴማን ትከሻ ያዝኩ። መስመሩ ወጣ። ሄደ፣ ሄደ፤ ዐሥር ሰዓትን አለፈ፤ ሌሊቱን አለፈ። ዝቅ እንዳለ!

«እልልል!» አልኩ፤ የቢሮው ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ። ንጋት ከቦርሳዋ ዩኒፎርሙን አወጣች። እልልታዬን አቋረጥኩ። ልጅቷ ላይ ለካችውና «የቢቸናውስ ቀለሙ ምንድን ነው? ልቀይረው» አለች።

ሲስተር ሊድያ መለኪያዋን አነሣችና እኔ አንገት ላይ አንጠለጠለቻት። «አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ እማማ። ጋኑን የሚያጥኑት እርስዎ ነዎት።»

እኔ? ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ምን እንደምተነፍስ ጠይቆኝ አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ መለኪያዋን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። አርሴማ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እምዬ፣ ስትተኚ ራስጌሽ ነው የሚሰቀለው፣ እሺ? እኔ አይሻለሁ።»