የባለመኪናዋ ጉልበት

ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያውቃት «ባለመኪናዋ» በሚል ስም ነው። መኪናዋ ግን የስፌት መኪና ነበረች። ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ እሷ ላይ ተቀምጣ ስትረግጥ፣ የሰው ሙሽራ ስታስጌጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትቀድና ስትሰፋ ኖረች፤ መኪናይቱ ግን ከመስኮቱ ሥር አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላለችም። «የረገጥኩትን ያህል ብሄድበት ኖሮ ዓለምን ዞሬ እመለስ ነበር» ትላለች ራሷ፣ እየሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግራ ጉልበቷን በመዳፏ ታሻለች። መርገጫው የጨረሰው እሱን ነው።

አሁን ስፌቱን ትታለች። የሥራ ክፍሏን ከነመደርደሪያው ለሌላ ሰፊ አስተላልፋ፣ ያጠራቀመችውን ጨምራበት፣ የምትሄድ መኪና ልትገዛ ነው። እሱም የተገኘውን ሳይሆን የቅንጦት መኪና። ከቅንጦቶቹ ቤተሰብ ታናሿ ትሁን እንጂ፣ ቅንጦት ቅንጦት ነው። የሰማ ሁሉ ምን ነካት አለ። መንጃ ፈቃድ ያወጣች ጊዜም እንዲሁ ብለው ነበር። ያኔ የመንዳት አስተማሪዋን ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነዳጁን ፔዳል እንደ ስፌት መኪና መርገጫ ተረከዝና ጣት እያፈራረቀች ትወዘውዘዋለች፣ መኪናዋም ስቅታ እንደያዘው ሰው ህቅ ህቅ እያለች ትሄዳለች። «እናቴ፣ ይሄ እኮ አይሰፋም!» ይላት ነበር። በስንት መከራ ተወችው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን መጣ ቢባል በታላቅ እህቷ የተነሳ ነው። እህትየው የምትኖረው ከከተማው ማዶ፣ የረጅሙ አቀበት ጫፍ ላይ ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ ከደጇ አትርቅም። ባለመኪናዋም ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ጉልበቷ እምቢ ካላት ቆይቷል። ስለዚህ ሁለቱ እህትማማቾች የሚገናኙት በስልክ ነው። «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች ታላቅየዋ። «ልጁ ሲመቸው» ትላለች ታናሽየዋ። ልጇ ክፉ ሆኖ አይደለም። የመድን ድርጅት ገማች ነው፤ የተጨማደደ መኪና እየዞረ ሲያይ ይውላል፣ ማታ ደክሞት ይገባል፣ እሑድ ደግሞ እሑድ ነው። ብቻ የማይመቸው ቀን ከሚመቸው ቀን እየበዛ ሄደ። ባለፈው እህትየዋ ታማ ተኝታ ስትነሳ እንኳ ባለመኪናዋ የደረሰችው «ተሻለኝ እኮ፣ ምን አለፋሽ» ከተባለ በኋላ ነው። ያን ቀን አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ መኪና ለመግዛት ወሰነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዛለት ወደ ሳሎን ስትመጣ ልጁ በስልክ ያወራል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አይ፣ እሷማ ይሄን ያህል ጉልበት የላትም» ሲል ሰማች። ቆመች። «እሱስ ልክ ነዎት፤ ግን ብዙ አትበላም። ድምፅ የላትም፣ አታስቸግርም። ሰፈር ለሰፈር ለመንቀሳቀስ ምን አነሳት? ዳገት ላይ ትንሽ ታቃስታለች፣ ያው እሱን እንችለዋለን። አዎ፣ ወስኛለሁ። እሷን ነው የምንወስዳት። ቅዳሜ መጥተን እንጨርሳለን።»

ባለመኪናዋ ክው አለች። ሻዩ ከብርጭቆው ፈስሶ ጣቷን አቃጠላት፤ አልተሰማትም። በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች።

«የት ነው የምትወስደኝ?»

«ማንን?»

«እኔን ነዋ! ጉልበት የላትም፣ አትበላም፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች ያልካትን!»

ልጁ አንዴ ስልኩን አንዴ እናቱን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሶፋው ላይ ተንከባለለ። «እማዬ፣ በሞትኩት! ስለ መኪናዋ እኮ ነው! ስለ ትንሿ ሞተር! ሻጯ ደውላ የቱን እንያዝላችሁ ብትለኝ ነው።»

እሷም ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር። መሐል ላይ ተወችው። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስለ እሷ ከሆነ፣ ቃል በቃል እንዴት እኔን ሆነች?»

«አጋጣሚ ነዋ፣ እማዬ።»

«ደግሞ ወስኛለሁ አልክ። ምን ቆርጦህ ነው የምትወስነው? ገዢዋ ማን ናት?»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። ባለመኪናዋ ግን ነገሩ ሲውል ሲያድር ቆሽቷን አሳረራት። በዚያ ቤት እሷ ስትመሰገን የኖረችው በእነዚያው ቃላት ነው። ትንሽ ትበላለች። ድምፅዋ አይሰማም። ማንንም አታስቸግርም። ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን ለእንግዳ ሲናገር ደስ ይላት ነበር፤ ምርቃት ይመስላት ነበር። አሁን ለመኪና ሲባል ስትሰማው ለካ ምስጋናው የዕቃ ነው።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ግን ቁጠባ የሷም ሃይማኖት ነው። ቁራጭ ጨርቅ ጥላ አታውቅም፤ ከቁራጩ የሕፃን ኮፍያ ይወጣል፣ ከኮፍያው የተረፈው ለትራስ ይሆናል። እና ቅዳሜ ልጇን ይዛ ማሳያ አዳራሹ ስትገባ፣ እልኋ ወደ ትልቁ ሞተር ቢጎትታትም እጇ ወደ ትንሹ ያደላ ነበር። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። በቀለም አንድ፣ በመልክ አንድ፣ መንታ ናቸው። ባለመኪናዋ መነጽሯን አድርጋ መጀመሪያ ያየችው የወንበሩን ስፌት ነው። ድርብ ስፌት፣ እኩል የሄደ። በጥፍሯ ሞከረችው፤ አልላላም።

«እንግዲህ ልዩነቱ ውስጧ ነው እናት» አለች ሻጯ፣ ጫማዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች መጥታ። «ትንሿ መቶ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት አላት። ያቺኛዋ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«ይሄ ሁሉ ፈረስ ጉልበቱን አያመውም?»

ሻጯ ሳቀች። «አያመውም፤ ግን ይበላል። ትንሿ ለመቶ ኪሎ ሜትር አምስት ሊትር ተኩል ይበቃታል። ትልቋ ስምንት ትፈልጋለች፤ ከረገጧት ደግሞ ከዚያም ታልፋለች።»

«ይኸው!» አለ ልጁ። «እማዬ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። መግዛቱ አንድ ቀን ነው፤ መመገቡ ግን የየቀን ነው። ደግሞ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።»

«እኔስ ምን አልኩ? ያድርሰኝ ነው ያልኩት!»

ይህን ትበል እንጂ አምስት ተኩልና ስምንቱ በሆዷ ይመላለሱ ጀመር። ሁለት ሊትር ተኩል ቀላል አይደለም። ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ ቢሆን አንድ ቀሚስ ይወጣዋል። ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው አንድ ነገር ትዝ አላት። ጨርቅ ይቆጠብልኝ የምትል ደንበኛ ነበረቻት። ባለመኪናዋ ወደ ውስጥ ከሚታጠፈው የስፌት ትርፍ ጨርቅ ላይ ትቀንስላታለች፣ ልክክ ያለ ቀሚስ ይወጣል፤ መስታወት ፊት ቆማ ስትታይ ታምራለች። ሠርግ ቤት ሄዳ እጇን ስታነሳ ብብቱ ተርተር ይላል። ጥፋቱ የሰፊዋ ሆነ እንጂ የቆጣቢዋ አልሆነም።

«በይ እንንዳቸው» አለቻት ሻጯን።

ሻጯ ልጁን ከኋላ፣ ራሷን ከጎን አስቀምጣ፣ የሙከራው መንገድ ሜዳ ለሜዳ ደርሶ መልስ መሆኑን ነገረቻት።

«ወደ ረጅሙ አቀበት ነው የምሄደው።»

«እዚያ የመሄድ ልማድ የለንም፣ እናት፤ በሜዳው ላይ ጥሩ አድርጋ ትታያለች።»

«ሜዳ ላይማ እኔም ደህና ነኝ!»

ሻጯ ልጁን አየችው። ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

ትንሿን ነዳች። እስከ አቀበቱ ሥር ድረስ እንከን የላትም፤ ለስላሳ፣ ድምፅ አልባ፣ ጨዋ። ባለመኪናዋ ወደደቻት። ልትገዛትም ከልቧ አስባ ነበር፤ ልጄ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብላ ይቅርታ እስከ ማሰብ ደርሳለች። አቀበቱ ሲጀምር መኪናዋ ድምፅ አወጣች። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ ማቃሰት ጀመረች። የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ጡሩንባውን ነፋባት። ሻጯ እጇን ዘርግታ የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋች።

«ምን አደረግሽ?»

«ትንሽ ቀለል እንዲላት ነው፣ እናት።»

ባለመኪናዋ ጥርሷን ነክሳ ረገጠች። ያኔ ነው ግራ ጉልበቷ የወጋት። ለምን እንደሆነ አልገባትም፤ መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፣ ግራ እግር ሥራ የለውም። ዝቅ ብላ አየች። ግራ እግሯ ባዶው ወለል ላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ ተረከዝና ጣት፣ ተረከዝና ጣት እያለ ይረግጣል። መኪናዋን እያገዛት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችውን፣ ደካማን ተሸክሞ ዳገት መውጣትን፣ ከፍላ ልትገዛ ነበር። ፊቷ ጋለ፤ ለእግሯ አዘነችለት። ጫፉ ላይ ሳትደርስ መንገዱ ከሚሰፋበት ቦታ ዞራ ተመለሰች።

ከዚያ ትልቋን ነዳች። አቀበቱ ሥር ስትደርስ ከልማዷ ጠንከር አድርጋ ረገጠች። መኪናዋ ተፈናጥራ ተነሳች፤ ልጁ ከኋላ «እማዬ!» ብሎ ወንበሩን ጨበጠ፣ ሻጯ ትንፋሿን ውጣ ቀበቶዋን ያዘች። ባለመኪናዋም ደንግጣ እግሯን አላላች። ከዚያ ቀስ አድርጋ ጫነችው። እጥፋቱ መጣ፣ አለፈ። የቅድሙን የመሰለ አንድ የጭነት መኪና ፊቷ ላይ እያዘገመ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ አልፋው ሄደች። ግራ እግሯን አየችው። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። ጉልበቷ ዝም ብሏል።

«ይቺን ነው» አለች አዳራሹ ተመልሰው ሞተሩን ስታጠፋ።

«እማዬ፣ እህትሽ ቤት ለመሄድ ሁለት መቶ ሃምሳ ፈረስ ምን ያደርግልሻል? እኔ አደርስሽ የለ?»

«ያንተ መኪና ስንት ፈረስ ናት?»

ልጁ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ስንት ናት አልኩህ።»

«ሦስት መቶ... የኔ ሌላ ነው፣ እማዬ፤ እኔ ሥራ አለኝ።»

«እኔም እህት አለችኝ!» ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ ወዲያ ማዶ መስታወት የሚወለውለው ሰው ሳይቀር ዞረ። ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ስማኝ ልጄ። ቁጠባ ክፉ ነው አልልም፤ ያሳደገህ እሱ ነው። ግን እኔ በቁጠባ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ የሰው ልብስ ነው። እኔ ላይ ስደርስ የቆጠብኩት ራሴኑ ነው። ከእንግዲህ ትንሽ የምትበላ፣ የማትሰማ፣ ዳገት ላይ የምታቃስት ከፈለግክ ፈልገህ አግባ፤ እኔ አልነዳም!»

ሻጯ ሳቋን ለመደበቅ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ልጁ ግንባሩን አሸ፤ ትንሽ ቆይቶ «ቀበቶ ግን ሁልጊዜ እሰሪ» አለ። ከክርክሩ የቀረው ያን ያህል ነበር።

መኪናዋን የተረከበች ለት ለማንም አልደወለችም። ልጁ «ልሸኝሽ» ቢል «ሲመችህ ና» ብላው ቁልፏን አነሳች። የሰፈሩ ሰው በር በሩ ላይ ወጥቶ «ባለመኪናዋ! ባለመኪናዋ!» እያለ ሸኛት፤ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኳ ሆኖ ተሰፋላት። አቀበቱን ወጥታ እህቷ ደጅ ስታቆም ቀኑ ገና ነበር።

ታላቅየዋ በትሯን ይዛ ወደ ድምፁ ወጣች። የታናሿን ፊት በመዳፏ ዳሰሰች፣ አገላብጣ ሳመቻት።

«ማን አመጣሽ? ልጁ ተመቸው?»

«ማንም አላመጣኝም። ጉልበቴ ነው ያመጣኝ።»

«የቱ ጉልበትሽ?»

ባለመኪናዋ የእህቷን እጅ ይዛ የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈችላት። ገና ትኩስ ነበር። ታላቅየዋ እጇን ሳታነሳ ቆየች፤ ብረቱን እንደ ሕፃን ግንባር ዳሰሰችው።

«አይ ግሩም! ታዲያ ብዙ አትበላም?»

«ትበላለች። ሆዳም ናት።»

«እሰይ» አለች ታላቅየዋ ክዳኑን ቸብ ቸብ እያደረገች። «ትብላ!»