የሳልቩ ወንፈል

በዚያ ዓመት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ማካይ በሚባል የሸንኮራ አገር፣ ዝናቡ ያለ ጊዜው መጣ። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠል ነበር፤ ቅጠሉ እንዲጠፋ፣ አይጡም እንዲሸሽ። የራሰ ማሳ ግን እሳት አይዝም። ፋብሪካውም አይጠብቅም። ቆራጮቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው እርጥቡን ቆረጡ። ቅጠሉ ክንዳቸውን ተለተለው። ማደሪያችን ያፈስ ነበር። እህቴን ሳል ያዛት። ከዚያ አባቴ ዊስቲን በትኩሳት ወደቀ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የአይጥ ሽንት ያለበት ጭቃ በቁስሉ ገብቶ ነው።

ከማልታ ወደ አውስትራሊያ ከመጣን ብዙ አልቆየንም ነበር። የቆራጭ ቡድን ክፍያውን እኩል ይካፈላል። ስለዚህ የደረሰውን ረድፍ የማይቆርጥ ሰው በሌላ ይተካል፤ ቤተሰቡም ከማደሪያው ይወጣል። ቆራጮቹ ስለ እኛ ሊወስኑ በተሰበሰቡበት ሳልቩ የሚባል ያገራችን ሰው ተነሥቶ የዊስቲንን ረድፍ እኔ እቆርጣለሁ አለ። ቆረጠም። የራሱን ጨርሶ እስኪመሽ የአባቴን ይቆርጥ ነበር፤ ወቅቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ሆነ። የአባቴ ድርሻ ሳይጎድል እናቴ እጅ ገባ።

ሳልቩ ደግ ሰው አልነበረም። ያተረፈን እሱ መሆኑን ሳልረሳ ነው ይህን የምለው። ሰውን ባለዕዳ አድርጎ በእጁ መያዝ ይወዳል። አባቴ ከሕመሙ ቀና ሲል ገንዘብ ይዞ ወደ እሱ ሄደ፤ ሳልቩ አልነካውም። በእኛ ቆራጮች ዘንድ የታመመ ሰው ረድፍ ወንፈል ነው፤ በረድፍ እንጂ በገንዘብ አይመለስም።

«በገጀራ ወስደሃል፣ በገጀራ ትመልሳለህ» አለው።

ሳልቩ የአባቴ ኩላሊት መጎዳቱን፣ ሸንኮራ መቁረጥ እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ ሥራ ፍለጋ ዞርን። ለቲማቲም ቦወን፣ ለትምባሆ ማሪባ፣ ተመልሰን ደግሞ ቦወን። ትምህርት ቤት ወንበሬ ሳይሞቅ እንነሣለን። በአንዱ መምህሩ ጃኒ ማለት ሰልችቶት ጆን አለኝ፤ በሌላው ልጆቹ ምሳዬን አሽትተው ሸሹኝ። መደባደብ ቶሎ ተማርኩ፤ ማንበብ ዘግይቶ መጣ። በሄድንበት ሁሉ ማልታውያን ነበሩ፤ ወሬውም ቀድሞን ይደርሳል። የሳልቩን ረድፍ የበሉት ይሉናል። ማሪባ ላይ ክፍያው ጥሩ ነበር። አንድ ሰው ምሳ ላይ ሳልቩ ሰላም ብሎሃል፣ ወገብህስ እንዴት ነው ብሎ አባቴን ጠየቀው። ሰዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ዕቃችን ተጫነ። እናቴ ዶሎራ ድስቶቹን እያሰረች፣ በዚህ አያያዝህ አገሩ ያልቅብናል አለችው።

ጺም ማብቀል ስጀምር የሸንኮራ መቁረጫ ማሽን መምጣቱን ሰማን። ሳልቩ የራሱን እርሻ ገዝቶ ነበር፤ እሱም ማሽን ሊያስገባ ነው ተባለ። ማሽን ከገባ በእጅ የሚቆረጥ ረድፍ የለም። አባቴ ባለዕዳ ሆኖ ሊሞት ነው። ለእናቴ ብቻ ነግሬ ገጀራዬን ይዤ ሄድኩ።

ሳልቩ በረንዳው ላይ አገኘኝ። ተቀመጥ አላለኝም።

«የዊስቲን ልጅ። ገንዘብ ይዘህ ከሆነ ተመለስ።»

«ገጀራ ነው የያዝኩት።»

«እሱስ የት አለ?»

«አይችልም። እርስዎም ያውቃሉ።»

ወንዝ ዳር ወዳለ ማሳ ወሰደኝ። አውሎ ነፋስ የጣለው ሸንኮራ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ ተጠላልፏል። ይህን ከጨረስክ ዕዳው አለቀ አለኝ። እሳት ግን አትለኩስም፤ ለአባትህም የቆረጥኩት እርጥቡን ነው አለ። ማሽን የወደቀ ሸንኮራ እንደማያነሣ፣ ሠራተኛም እንዳላገኘለት ገባኝ። ያልገባኝ መሰልኩ። ማወቄን ቢያውቅ ማሳው ይበስብስ ብሎ ያባርረኝ ነበር።

እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ቆረጥኩ። እየመጣ ጉቶውን ያያል። ስኳሩ ከሥር ነው፤ ከፍ አድርጌ የቆረጥኩትን ጎንበስ ብዬ እንድደግመው ያደርገኛል። ውሃ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

«ከአባትህ ትሻላለህ» አለኝ አንድ ቀን። «እሱ ቢሆን እስካሁን ተኝቶ ነበር።»

ገጀራውን እንደጨበጥኩ ቀና አልኩ። ገጀራውን አየ እንጂ እኔን አላየኝም።

«ቁረጥ» አለ።

ማሳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አባቴ በተዋሰው ጭነት መኪና መጣ። እናቴ ነግራዋለች። ጎኑን ይዞ ወረደ። ሰላም አላለኝም።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ሞቻለሁ እንዴ? የእኔን ዕዳ የምትከፍለው ሞቼ ነው?»

ሳልቩ አጥሩን እንደተደገፈ፣ ልጁን ተወው፣ እሱ እንኳ ጉልበት አለው አለ። አባቴ ዞር ብሎም አላየው። እጁን ዘረጋልኝ፤ ገጀራውን ሰጠሁት።

ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ይቆራረጣል። ልረዳው ስጠጋ በክርኑ ገፋኝ። መቆም ሲያቅተው ተንበርክኮ ቆረጠ። ሳልቩ አጥሩን ለቆ መጣ።

«በቃ ዊስቲን። የቀረውን ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ይቅር አትበለኝ» አለ አባቴ። «አንተ ይቅር ካልከኝ ከእጅህ መቼም አልወጣም።»

መቁረጡን ቀጠለ። የመጨረሻውን አገዳ ሲጥል ገጀራውን ተመርኩዞ ተነሣ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሳልቩ ጎንበስ ብሎ ጉቶውን በጣቱ ዳሰሰ። እንከን ፈለገ። አጣ።

«አልቋል» አለ።

«ምን ዕዳ አለብኝ?»

«አልኩህ እኮ፤ አልቋል።»

«ልጄ እየሰማ ንገረኝ። ምን አለብኝ?»

ሳልቩ ወደ እኔ ዞረ።

«አባትህ ምንም የለበትም» አለ።

አልተጨባበጡም።