የጋዙ ቧንቧ ርዝመት

ጋዲሴ ሻምበል ኃይለማርያምን ለሽምግልና የላከቻቸው ወደ ገዛ ባሏ ነበር። ባይሳ ፍሪድሊ ከተማ ከነበረው የብረት ፋብሪካ ሥራ ከተሰናበተ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ሰው አያነጋግርም፤ አልጋው ሥር ካኖረው ጠመንጃ በቀር የሚነካው ነገር የለም።

«ፖሊስ ብጠራ ነገሩ እንዳይብስብኝ ፈራሁ» አለቻቸው። «እርስዎን ያፍራል። ብቻ ያ ብረት ከቤቴ ይውጣልኝ።»

ሻምበል በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኋላም ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፊሊፕስ ሰፈር ከሚገኘው የባልና ሚስቱ አፓርታማ ሲገቡ ባይሳ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አገኙት። አንዱ ከጠመንጃው የተፈታ ነው፤ ሁለቱ የተገዙ ናቸው። ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ አይገባምና ወሬያቸውን ከዚያው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱኝ» አለ ባይሳ። «ባልደረባዬ ቀጀላ ሥራ ቦታ ሁልጊዜ ሾርቱ ይሻላል እያለ ይሟገተኝ ነበር።»

«ሾርት የሚባል አማርኛ የለም። አጭሩ በል።»

«እሺ፣ አጭሩ። ደግሞ በፈተና እንዳይጥሉኝ።»

ሻምበል መነጽራቸውን አደረጉ። «ጥይቱ ሲተኮስ ከበርሜሉ የሚቀዳው ጋዝ በዚህ ተመልሶ ቀለሁን ያስወጣል፤ ሌላ ያጎርሳል። አጭሩ ከእሳቱ አጠገብ ስለሚቀዳ ይራገጣል፤ ብረትም ይበላል። በረጅሙ የሚመጣው ለስላሳ ነው፤ ግን በርሜልህ አጭር ከሆነ ጉልበት ያንሰዋል። ላንተ መካከለኛው ልክ ነው።»

«ቀጀላ ጉድ ፈላበት!» ብሎ ባይሳ ሳቀ። ጋዲሴ ከወጥ ቤት ሳቁን ሰምታ ሥራዋን አቆመች። ሻምበልም መድኃኒቱ የተገኘ መሰላቸው፤ የመጡበትን ጉዳይ ለሌላ ቀን ሊያሳድሩት አሰቡ።

«ለአንዲት ጥይት ብቻ ቢሆንስ፣ ጋሼ? የቱ ይሻላል?»

«ለአንዲት ጥይት ለውጥ የለውም» አሉ ፈጥነው፣ እንደ መምህር። «ጋዙ የሚያገለግለው ለሁለተኛዪቱ ነው።»

ባይሳ መልሱን ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሻምበል የተጠየቁት ምን እንደ ነበረ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ጠመንጃውን ስጠኝ።»

«እሷ ናት የላከችዎት?»

ሽማግሌ ላኪውን አያጋልጥም። ሻምበል ግን «አዎን» አሉ።

ባይሳ ሦስቱን ቧንቧዎች ሰብስቦ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይኸው፤ ያለ እነዚህ አይሠራም። ይውሰዷቸው።»

«ዋቃዮ፣ ተመስገን!» አለች ጋዲሴ ከበሩ ላይ።

ሻምበል እጃቸውን አልዘረጉም። ሰውን በሚስቱ ፊት ማዋረድ በዕድሜያቸው ያላደረጉት ነገር ነው።

«ጋዲሴ ልጄ፣ ይህ ቧንቧ ብቻ ነው። ጠመንጃው ያለ እሱም አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ባይሳም ይህን ያውቃል።»

የባይሳ እጆች እንደ ተዘረጉ ቀሩ። ሻምበል ተነሥተው ያልተጋበዙበት የባልና ሚስት መኝታ ቤት ገቡ፤ በሕመምተኛ ጉልበታቸው ተንበርክከው የጠመንጃውን ሣጥን ከአልጋው ሥር ጎተቱ። ባይሳ ደፍ ላይ ቆሞ አያቸው፤ አላገዛቸውም፣ አልከለከላቸውም። ጥይቱን ጋዲሴ ከቁም ሣጥን አወጣች። ከባሏ አጠገብ እንዳትለይ አዘዟት፤ ቀጀላም መኪና ይዞ እንዲመጣ ደወሉለት።

«ከእንግዲህ ጋሼ አልልዎትም» አለ ባይሳ፣ ሣጥኑን እያነከሱ ሲያወጡ።

«አትበለኝ። ነገ ስደውል ግን ስልኩን አንሣ።»