የጎመን ጉዝጓዝ

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ መሬት ያለው ሰው ሁሉ ደከረንስ ይተክላል። ዛፉ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም፤ በአምስት ዓመቱ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ በለጡ ከጓሮዋ ስድስት መደብ ለጥቅል ጎመን ስትከልል ባሏ ቢሻው አልተቆጣም፤ አዘነላት። አምና ወገቧ ለማረም እምቢ ብሏት፣ የተከለችውን ሁሉ አረም ውጦታል። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ መደቡን አረም ወርሶት ካገኘ ደከረንስ እንደሚተክልበት አስታወቃት። እሷም እሺ አለች። በለጡ እሺ ስትል ሰው የተሸነፈች ይመስለዋል።

የግብርና ሠራተኛዋ ርሆቦት በስብሰባ ላይ፣ አዲስ የተተከለ መደብ ጉዝጓዝ ይደረግለት፣ አረም ብርሃን ካጣ አይበቅልም ብላ ነበር። ወንዶቹ ሣቁ። ጉዝጓዝ ለእንግዳና ለዓመት በዓል ወለል ላይ የሚነሰነስ ሣር ነዋ። ቢሻው እጁን አውጥቶ፣ ጎመኑ ማንን ሊጋብዝ ነው ሲል ጠየቀ። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

በለጡ ግን በማግስቱ ማጭዷን ይዛ ወንዝ ዳር ወረደች። ፍሬ የያዘ ሣር አረሙን ይዞ ስለሚመጣ፣ ያልያዘውን ብቻ መርጣ አጨደች። ሁለት ቀን አጠወለገችው። መደቡን አንዴ አርማ አራት ጣት ውፍረት ጎዘጎዘችበት፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ የየችግኙን ዙሪያ ክፍት ተወች።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቷ አምሳለ በአጥር አሻግራ አየች። አምሳለ ያየችውን ለብቻዋ የምታኖር ሴት አይደለችም። ረፋዱ ላይ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንዷ ዳቦ ይዛ ከች አሉ። ሣሩ ጓሮ ድረስ ከተረፈ ድግሱ ትልቅ ነው ብለው ነው።

«እታለም፣ ልጅሽን ሳንሰማ ዳርሻት እንዴ?» አለች አምሳለ።

«ጎመኑን ነው የዳርኩት» አለች በለጡ። ዳቦውንም ተቀበለች።

ከዚያ ወዲህ ቢሻው ገበያ በወጣ ቁጥር ስለ ሙሽሮቹ ደኅንነት ይጠየቅ ጀመር። ቻለው፤ ፍልሰታ ሩቅ አልነበረም።

ሐምሌ ሙሉውን ሲዘንብ ከረመ። በሰፈሩ ጓሮ ሁሉ አረሙ ጉልበት ደረሰ። ነሐሴ አንድ፣ ፍልሰታ በገባ ዕለት፣ ቢሻው የደከረንስ ችግኙን ተሸክሞ ጓሮ ገባ። በለጡ ከኋላው ቆመች። ሣሩን በዱላው ገለጠ፤ እርጥብ አፈርና የምድር ትል። ሌላ ቦታ ገለጠ፤ ያው ነው። ስድስቱንም መደብ ዞረ። በመጨረሻ ጥግ ላይ አንዲት የሰርዶ ጫፍ አግኝቶ ነቀለና አሳያት።

«አንድ» አለ።

«ቀጥል፤ ጊዜ አለኝ።»

ሸክሙ ትከሻውን እስኪቆርጠው ፈለገ። ከዚያ ችግኙን አጥር ሥር አወረደና፣ ሣሩ የታጨደው ከወንዙ ከየትኛው በኩል እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። እሱ የተከለውን ድንች አረም ጨርሶታል።

በለጡ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«አንተ የቱ ፍሬ እንደያዘ አትለይም» አለችው፣ አምሳለ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ነገ አብሬህ ወርጄ አሳይሃለሁ።»