መልስ ያጡት ነጥቦች

ባለቤቴ ጡረታ የወጣችው ጉልበቷ እምቢ ስላላት እንጂ ሥራው ሰልችቷት አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች። እኔ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ስወጣ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ እተዋታለሁ፤ ስመለስም እዚያው አገኛታለሁ። "ቤቱ ጠበበኝ" ትለኛለች። ቤቱ ያው የድሮው ቤት ነው። የጠበባት ሌላ ነገር እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ምን እንደማደርግላት አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ የቀድሞ ባልደረባዋ ደወለችላት። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ወላጆች የመሠረቱት አንድ ማኅበር አለ። ማኅበሩ በኢንተርኔት ላይ መድረክ ከፍቷል፤ ወላጆች እየገቡ "መድኃኒቱን ከቀየርንለት ወዲህ እንቅልፍ አጣ"፣ "መምህሯ ልጄን ለብቻዋ አስቀመጠቻት፣ ምን ላድርግ?" እየተባባሉ ይመካከሩበታል። አሁን ለመድረኩ አስተባባሪዎች ሊመርጡ አስበው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ መድረኩን ደግፈው ያቆሙት እነማን እንደሆኑ አጥንቶ የሚያሳያቸው በጎ ፈቃደኛ እያፈላለጉ ነበር።

"እኔ እሞክረዋለሁ" አለች ባለቤቴ።

ልጃችን ሳቋ አመለጣት። "እማዬ፣ በስልክ ፎቶ መላክ ያስተማርኩሽ እኮ እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ተማርኩ አይደል?"

በሚቀጥለው ሳምንት ሰፈራችን አጠገብ ያለው ኮሌጅ ሄዳ ተመዘገበች። ትምህርቱ የሰዎችን ትስስር ከኢንተርኔት ጽሑፎች እያወጡ መመርመር የሚባል ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ አንዱ ወጣት ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ "እናታችን፣ እዚህ ይቀመጡ" አላት።

"እናትህ ቤት ናት፤ እኔ የክፍል ጓደኛህ ነኝ" ብላው ከፊት ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አለቃ" የሚል ስም ወጣላት።

መምህርቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ናት። ባለቤቴ ግን አንቱ ብላ ነው የምትጠራት። "ልጅሽ አትሆንም እንዴ?" ብዬ ብስቅባት፣ "እዚያ ክፍል ውስጥ ልጇ እኔ ነኝ" አለችኝ።

የትምህርቱ መነሻ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ነጥብ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች ግንኙነት ካላቸው በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። ነጥቡና መስመሩ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ስዕል ያወጣል፤ ከስዕሉ ላይ የተሰባሰበውንና የተራራቀውን ማየት ይቻላል። ማኅበሩ አባላቱን አስፈቅዶ፣ ስማቸውን አጥፍቶ፣ በስማቸው ፈንታ ቁጥር እየሰጠ ጽሑፎቹን ላከላት። እሷም የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወረሰችው። እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ መብላት ለመድኩ።

መጀመሪያ በአንድ ጥያቄ ሥር የጻፉትን ሰዎች በሙሉ እርስ በርሳቸው አገናኘቻቸው። ስዕሉ ሲወጣ ጠራችኝና መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ድመት የተጫወተችበት የክር ጥቅል ነበር።

"ምንድነው ይኼ?"

"ማኅበረሰቡ ነው።"

"ተጣልተዋል እንዴ?"

ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ፤ ግን እሷም ነገሩ አላማራትም። በማግስቱ ለመምህርቷ አሳየቻት። መምህርቷ "ተሳስተዋል" አላለቻትም። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ፣ "በዚህ ጫፍና በዚያ ጫፍ ያሉት ሁለት ሰዎች ተነጋግረዋል?" ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ጽሑፎቹን ፈልጋ አነበበች። አንደኛው ከጻፈ በኋላ ሌላዋ በዓመቱ መጥታ፣ እዚያው ሥር፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው የጻፈችው። አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ አያውቅም።

"ታዲያ መስመሩ ምን እያለ ነው?" አለቻት መምህርቷ።

ባለቤቴ ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። "አየህ፣ መስመር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳልወስን ነው መስመር ያሰመርኩት" አለችኝ። የከፋት መስሎኝ ላጽናናት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁት። እየሳቀች ነበር። ያን ሳቅ ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው። ሥራ ላይ እያለች ሐኪሞቹ ግራ የተጋቡበት ልጅ ገጥሟት ስትመጣ እንደዚያ ነበር የምትሆነው።

እንደገና ከሀ ጀመረች። አሁን መስመር የሚሰመረው አንዱ ለሌላው በቀጥታ መልስ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ቀስቱም ከመለሰው ወደ ጠየቀው ያመለክታል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚለቅመው "መልስ" የሚለውን ቁልፍ ተጭነው የመለሱትን ብቻ ነው። ብዙው ወላጅ ደግሞ ቁልፉን ሳይነካ፣ ታች ወርዶ "ከላይ ስለ ትኩሳት የጠየቅሽው እህቴ" ብሎ ይጽፋል። ይኼን ማሽኑ አያውቀውም። ባለቤቴ አንድ በአንድ እያነበበች፣ የትኛዋን እህት ማለቱ እንደሆነ ወደ ላይ እየወጣች እየፈለገች፣ በእጇ ታስገባ ነበር። ደጋግማ አንብባ ያልለየላትን ደግሞ "አልታወቀም" ብላ ትተወዋለች። "በግምት ሙዪውና ተገላገዪው" ብላት ገላመጠችኝ። "መርፌ በግምት ይወጋል?" አለችኝ።

ሥራው ሲያልቅ የወጣው ስዕል ሌላ ነበር። የክሩ ጥቅል ተፈቷል። ባንድ በኩል የሕፃናት ወላጆች፣ በሌላ በኩል ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች ያሏቸው፣ ለየብቻ ተሰባስበው ይታያሉ። ብዙ መስመር የተመዘዘበት ትልቅ ነጥብም አለ፤ ይህ ሰው ለብዙ ጠያቂዎች ይመልሳል። በሁለቱ ስብስቦች መሐል ደግሞ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ብዙ አትጽፍም፤ ግን ከወዲህም ከወዲያም ጋር ትነጋገራለች። ባለቤቴ የዚችን ነጥብ ጥቅም ልታስረዳኝ ብዙ ደከመች።

"ገባኝ" አልኳት በመጨረሻ። "መቀየሪያ ፌርማታ ናት። ሰው አይርመሰመስባትም፤ ግን እሷ ከተዘጋች የምሥራቁ ተሳፋሪ ምዕራብ አይደርስም።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተናገረችው፤ መምህርቷም ሰሌዳ ላይ አውቶብስ ስላ አስተማረችበት። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ኮሌጅ ገባሁ ብዬ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነፋሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለማኅበሩም በቂው ነበር። ግን በስዕሉ ጠርዝ ዙሪያ፣ ምንም መስመር ያልነካቸው ነጥቦች እንደ ፈሰሰ ምስር ተበታትነው ነበር። ያ መቀመጫ ሊለቅላት ብድግ ያለው ወጣት ሊረዳት ቤታችን መጥቶ አየና፣ "አለቃ፣ እነዚህን ይደብቋቸው። ሁሉም ሰው ይደብቃቸዋል፤ ስዕሉን ያቆሽሹታል" አላት። አንዲት ቁልፍ ነካ ሲያደርግ ነጥቦቹ ድራሻቸው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ስዕሉ አምሮበት ነበር።

ባለቤቴ ትንሽ አየችውና፣ "መልሳቸው" አለች።

"ለምን? ከማንም ጋር አልተገናኙም እኮ።"

"ለዚያ ነዋ። ሆስፒታል ሳለሁ የሕፃናቱ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማየው የሚያለቅሰውን ልጅ አልነበረም፤ ዝም ያለውን ነበር።"

ልጁ ጭንቅላቱን አከከ፤ ከዚያ ቁልፏን መልሶ ነካት። ተቀምጠውም አብረው ማንበብ ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ መጥተው ጽፈው፣ ማንም ያልመለሰላቸው ናቸው። ክፉ ቃል የተናገራቸው የለም። አንዳንዱ የጻፈው ሌሎች በጦፈ ክርክር በተጠመዱበት ቀን ነው። አንዳንዷ "ይቅርታ፣ እዚህ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አላውቅም" ብላ ጀምራ ጥያቄዋን ሳትጠይቅ ጨርሳለች።

እራት ላይ አንድ አባት የጻፈውን አነበበችልኝ። "ልጄን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣላት። አሁን ተኝታለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው። እዚህ ሰው ካለ..." ይላል። በቃ፣ ሌላ የለውም። ከሥሩ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ለጻፉት መልስ ያገኙት አብዛኞቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ያላገኙት ግን ከጥቂቶች በስተቀር አልተመለሱም። ባለቤቴ ይህን ይዛ ወደ መምህርቷ በረረች። "መልስ ስላጡ ነው የቀሩት!" አለቻት።

መምህርቷ ዝግ ብላ፣ "ሊሆን ይችላል። ችግራቸው ተፈቶ ቀርተው ቢሆንስ? መልሱን ከሌላ ቦታ አግኝተው ቢሆንስ? ስዕሉ መቅረታቸውን እንጂ ምክንያታቸውን አይነግረንም" አለቻት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። ባለቤቴ ግን ይህንኑ በሪፖርቷ ላይ በግልጽ ጻፈችው፤ "ለምን እንደቀሩ አላውቅም" ብላ። "ያን ያህል ለፍተሽ አላውቅም ብለሽ ልትጽፊ ነው?" ስላት፣ "የማላውቀውን ማወቄም የልፋቴ ውጤት ነው፤ እሱን ለምን እደብቃለሁ?" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ እንደዚያን ቀን የኮራሁባትን ጊዜ አላስታውስም።

ለማኅበሩ የምታቀርብበት ቀን ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ በወላጆች ተሞልቷል። ሊቀመንበሩ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውም ወንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽታው አለበት። ከስብሰባው በፊት ሁለቱንም ስዕሎች አይተው፣ "ጊዜ ስለሌለን ንጹሑን ብቻ ያሳዩልን፤ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ይበቁናል" አሏት።

"ሁለቱንም ነው የማሳየው፤ ካጠረዎት የእኔን ንግግር ይቁረጡት" አለቻቸው። ፍንክች አላለችም።

አስቀድማ ንጹሑን አሳየች። ብዙ የሚመልሰውንና መሐል ላይ ያለችውን አገናኝ አስረዳች፤ ሰው አጨበጨበ። ቀጥላ ሁለተኛውን ስትከፍት፣ ነጥቦቹ ግድግዳውን ሞሉት። "እነዚህ ወደ እናንተ መጥተው መልስ ያላገኙ ናቸው" አለች። ማን እንደጻፈው የሚያስታውቅ ነገር ስላልነበረውና ማኅበሩም ስለፈቀደላት፣ የዚያን አባት ጽሑፍ አነበበችላቸው።

አንዲት ሴት ከኋላ፣ "በደንብ ቢጠይቁ ኖሮ ይመለስላቸው ነበር" አለች። ባለቤቴ አልተቆጣችም። "እህቴ፣ ልጅሽን መጀመሪያ የጣላት ቀን አንቺ በደንብ ጠይቀሽ ነበር?" አለቻት። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ "ማንንም አልጠየቅኩም" አለች።

ከዚያ አንድ ረጅም ሰው ተነሣ። "ያ ትልቁ ነጥብ እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። "ለሁሉም የምመልስ ይመስለኝ ነበር። ይኼንን አላየሁትም።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና፣ "ምን እናድርግ?" አሉ። በዚያው ስብሰባ ላይ ተረኞች ተመደቡ፤ አዲስ ገቢ በጻፈ ቁጥር አንድ ሰው ማየቱን የሚነግረው እንዲኖር። አገናኟም ሴት፣ የቁጥሩን ባለቤት ለይቶ የሚያውቀው የማኅበሩ ጸሐፊ ብቻውን ጠይቋት፣ አስተባባሪ ለመሆን እሺ አለች። መልስ ላጡት ለቀድሞዎቹም ጸሐፊው እየፈለገ ይቅርታ ጻፈላቸው።

ብዙዎቹ አልመለሱም። አንዷ "ዘግይታችኋል" የሚል አንድ ቃል ብቻ ላከች። ያ አባት ግን መለሰ። ልጁ ደህና ናት፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። "ያን ጊዜ የጻፍኩት ራሱ የደረሰ አልመሰለኝም ነበር። ተረኛ ከጎደላችሁ ልግባ" ብሏል። አስገቡት።

ከወራት በኋላ ባለቤቴ አዲሶቹን ጽሑፎች ይዛ እንደገና ስዕሉን አወጣች። በጠርዙ ላይ ያሉት ነጥቦች ሳስተዋል፤ ግን አልጠፉም። መምህርቷ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየች። "ተረኞቹ ያመጡት ለውጥ ነው ለማለት አሁንም ገና ነው" አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ "ግን ደስ ብሎኛል" አለች። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር።

አሁን ማኅበሩ ለአዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን እንድታስተምርለት ጠይቋት፣ እሁድ እሁድ አዳራሹ ውስጥ ታስተምራለች። እኔ አደርሳታለሁ፤ አንዳንዴም ከኋላ እቀመጣለሁ። ባለፈው አንዲት እናት እጇን አውጥታ፣ የሚያነቡ ግን ጭራሽ የማይጽፉ ሰዎች በስዕሉ ላይ የት እንደሚገቡ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ጠመኔውን አስቀመጠች። "የትም የሉም" አለች። "እነሱን እንዴት እንደምናይ እኔም አላውቅም።" ወንበር ስባ ከሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠችና፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ሳትጽፊ ስንት ጊዜ ቆየሽ?" ብላ ጨዋታ ጀመረች።