የዓመት ቦታ

«ኧረ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሰው እኮ ዝናብ ላይ ቆሟል» አሉ እማማ አሰበች።

እማማ አሰበች የእድሩን ሴቶች የሚያዙ፣ ድንኳን ውስጥ ከቄስ ቀጥሎ የሚፈሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ጠጋ በሉ ብለው ያልተጠጋ ሰው በመተማ ታይቶ አይታወቅም። እነዚያ ሁለት ወንዶች ግን አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉና እንደተቀመጡ ቀሩ። መምህር ደረበ ከአግዳሚው አንዱ ጫፍ፣ የሸሕዲ ሚኒባስ ሾፌሩ ጌች ከሌላው ጫፍ፤ መሀላቸው አንድ ደልዳላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን። ከቀብር የተመለሰው ሕዝብ ድንኳኑን ሞልቶ፣ የተረፈው በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተኮልኩሎ ነበር።

ማስተዋል ቤት ውስጥ ፍራሹ ላይ ሆና በተከፈተው በር ታያቸዋለች። ረፋዱ ላይ የተቀበረው ባሏ ያረጋል ነው። ከእርሻ ቦታ በትኩሳት ታሞ በራሱ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ ሲመጣ፣ ሐኪም ሳያየው መንገድ ላይ አረፈ። የነሐሴ ጭቃ ቶሎ አላስመጣውም።

ከሽንፋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ባዶውን ቦታ ሲያዩ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ዘፍ አሉበት። ሁለቱ ወንዶች ሰው ላይ የተቀመጡባቸው ይመስል ብድግ አሉ። ሽማግሌው ደነገጡ፤ «ሰው ነበረበት እንዴ ልጆቼ?» አሉ።

«የለበትም አባቴ፤ ይቀመጡ። የለበትም» አለ ጌች። የመጨረሻዋን ቃል ከአፉ አውጥቶ ሳይጨርስ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ጀመር።

ማስተዋል አግዳሚውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የእድሩ ወንበር አልበቃ ሲል፣ ካሊድ ከኳስ ቤቱ አግዳሚዎቹን ሁሉ በጋሪ አስጭኖ ልኮ ነበር። ካሊድ በድንበሩ መንገድ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳይ ሰው ነው። ተራው ተመልካች በየጨዋታው እየከፈለ ጀሪካን ላይም መሬት ላይም ይቀመጣል። የፊት አግዳሚዎቹ ግን የዓመት ቦታ ለያዙ ሰዎች ናቸው። እነሱ ነሐሴ ላይ አዲሱ ውድድር ሊጀመር ሲል ያሳድሳሉ፤ እስከ ግንቦት ማንም አይነካባቸውም። አንድ አግዳሚ ለሦስት ሰው ነው። ሦስቱ ተማምነው ይይዙታል፤ አንዱ ከጎደለ ወይ ሰው ያመጣሉ ወይ ይለቃሉ። በዚህኛው ላይ ደረበ፣ ያረጋልና ጌች ለዓመታት ተቀምጠዋል። እንግዲህ እማማ አሰበች ቢቆጡ ምን ያድርጉ፣ ሰዎቹ ለራሳቸው ሳይታወቃቸው ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር።

ማስተዋል ያን እንጨት ስታይ በሐዘኗ ላይ ንዴት ተጨመረባት። ቅዳሜዋን የወሰደባት እሱ ነው። ያረጋል ሳምንቱን ሙሉ ሰሊጥ እርሻ ላይ ከርሞ ቅዳሜ ይመጣል። ገላውን ይታጠባል፣ ሻሂውን ይጠጣል፣ ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። መጣሁ ያለው ሰው ሲመሽ ነው የሚመለሰው። እሷም ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ተመልሳ ብቻዋን ስትቆዝም ውላ፣ ሲገባ ለነገር ያህል ማን አሸነፈ ትለዋለች። «ዛሬስ መምህሩ ተሸነፈ» ይላታል። በሌላው ሳምንት ደግሞ፣ «ዛሬ ጌች ነው የተሸነፈ»። ከዚያ በላይ ወሬ የለውም፤ ያረጋል ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በሰው ሽንፈት የሚስቅ እየመሰላት ትበሽቅ ነበር።

ከሁሉ የከፋት ግን የጀመረበት ጊዜ ነው። አንዲቷ ልጃቸው ብሌን በወባ በሞተች በዓመቱ ኳስ ቤት መዋል ጀመረ። ቤቱ ሲከብደው ሸሸኝ ብላ ደመደመች። አፍ አውጥታ አልተናገረችውም፤ በልቧ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ረስታው አታውቅም።

በማግስቱ ዝናቡ አባራና ሙቀቱ ከመሬቱ ይፋጅ ጀመር። ጾም ስለሆነ ሴቶቹ የባቄላ ንፍሮ በሳህን ያዞራሉ። ካሊድ መጥቶ ሁለቱ ሰዎች አጠገብ ተቀመጠ፤ ድንኳኑ ከመስኮቱ ጋር የተጠጋ ነውና ሹክሹክታቸው ለማስተዋል ጥርት ብሎ ይሰማታል። ካሊድ ጊዜው እንዳልሆነ ያውቃል፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ ግን ውድድሩ ቅዳሜ ይጀምራል። የጋራዥ ሰዎች አግዳሚውን እንዲሰጣቸው በር በሩን ይዘውታል። ለእነሱ ከመስጠቱ በፊት ባለቤቶቹ ቁርጡን ይንገሩት። ደረበ ስጣቸው አለ። ጌች ደግሞ ባለፈው ዓመትም ግማሹን ጨዋታ የመብራት መጥፋት፣ ግማሹን ሰዓት እላፊ እንደበላባቸው አስታወሰ። ምክንያቱ ያ እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

ማስተዋል መጀመሪያ ደስ አላት። እሰይ፣ ይሂድ አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላው ታያት። ነገ ድንኳኑ ይፈርሳል። ከነገ ወዲያ ጋራዦቹ እዚያ ይቀመጣሉ፣ መምህሩም ወደ ክፍሉ፣ ጌችም ወደ መኪናው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ያረጋልን የሚያነሳ ሰው አይኖርም። ስትጠላው የኖረችው ቦታ እንዲቆይ ትፈልግ እንደሆነ ወይስ እንዲጠፋ ለራሷም ግራ ገባት።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ጌች ከፌስታል ውስጥ የማንቸስተር ማሊያ አወጣና ከያረጋል ፎቶ ሥር ልስቀልለት አለ፤ የማንቼ ሰው ነበርና ደስ ይለዋል ብሎ። ደረበ ዓይኑን አፈጠጠ። ያረጋል? ያረጋል እኮ አርሰናል ነው፤ አብረው ስንት ዓመት ተቃጥለዋል። ካሊድ በሁለቱም አዘነ። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ሰውየው እንደኔ ቼልሲ ነበር፤ ቲኬት እየቆረጥኩ በር ላይ ስቆም ወጥቶ አብሮኝ የሚተክዝ እሱ ብቻ ነበር አለ። ሹክሹክታው እየጋመ ሄደ። ሦስት ጎልማሶች በሰው ለቅሶ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ስለ ኳስ ሲከራከሩ፣ ከሽንፋ የመጡት ሽማግሌ ስለ ውርስ መስሏቸው እግዚኦ አሉ።

እማማ አሰበች ደረሱባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊታቸው ቆሙና፣ ይህን ያህል የሚያጣላችሁ ከሆነ ባለቤቱ ትፍረድ ብለው ማስተዋልን ደግፈው እስከ በሩ አወጧት።

ደረበ ከእፍረቱ ብዛት ቀና ብሎ አላያትም። «እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልን። ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነበር?» አላት።

ማስተዋል የበሩን መቃን ያዘች። «እኔ ምኑን አውቄ። ለኔ የሚነግረኝ ማን እንደተሸነፈ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን ጌች፣ አንዳንዴም ካሊድ። ያሸነፈ ሰው ስም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።»

 ጌች እጁ ላይ ያለውን ማሊያ መልሶ መላልሶ አጣጠፈው።

«ማንቼ ሲሸነፍ ወደኔ ዞሮ ነበር የሚቀመጥ» አለ ቀስ ብሎ። «ስናሸንፍ ግን… ስናሸንፍ ጀርባውን ነው የማየው። ወደ መምህሩ ዞሮ።»

ካሊድም ቼልሲ ባሸነፈ ቀን ያረጋል በር ላይ ቆሞ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረና አንድም ቀን አጣ።

ደረበ ያን ጊዜ ነው እስካሁን ከያረጋል በቀር ለማንም ያልነገረውን ያወራ። ከጎጃም ተመድቦ አዲስ የመጣ ጊዜ እናቱ ሞተችበት። መንገዱ ተዘግቶ ለቀብሯ መድረስ አልቻለም። በከተማው ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት፣ አብሮት የሚቀመጥ ዘመድ አልነበረውም። ሰው ያለበት ቦታ ፍለጋ ካሊድ ቤት ገባ፤ አርሰናል እየተሸነፈ ስለነበር፣ ሲያለቅስ ያዩት ሁሉ ለኳስ ብሎ ያለቅሳል እያሉ ሳቁበት።

«ያረጋል በመንገድ ሲያልፍ አይቶኝ ነው የገባ» አለ። «ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አጠገቤ ቁጭ አለና፣ ማን እየተሸነፈ ነው አለኝ። የኔ አልሁት። በል የኔም ናቸው አለና እስኪያልቅ አብሮኝ ተቀመጠ። ስለ እናቴ የነገርሁት ሳምንታት ቆይቼ ነው። እስከዚያ አልጠየቀኝም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር።»

እማማ አሰበች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ማሊያው ወደ ፌስታሉ ተመለሰ፤ ፎቶው ሥር ምንም አልተሰቀለም።

ማስተዋል ወደ ፍራሿ ተመልሳ ተቀመጠች። ብሌን የሞተች ክረምት ትዝ አላት። ያረጋል እርሻ ላይ ማደሩን ትቶ ማታ ማታ ከነጭቃው ገብቶ ከዚሁ ፍራሽ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። አይዞሽ አላላትም፣ አትበርቺም ወይ አላላትም፤ ዝም ብሎ እሷ እስክትተኛ ይቀመጣል። እንዲህ ሲያደርግ ክረምቱ አልቆ ሰሊጡ ታጨደ። እሷ ያኔ ቃል ስትጠብቅ ስለነበር መቀመጡን ነገሬ አላለችውም። ወደ ሥራዋ የተመለሰች፣ ከሰው ጋር መሳቅ የጀመረች ጊዜ ነው እሱ ቅዳሜ መውጣት የጀመረው። አልሸሻትም ነበር። እሷ ስትድን ነው ወደ ሌላ ሰው የሄደው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ አለቀሰች፤ ናፍቋት፣ እሱን ራሱን ናፍቋት።

በሰልስቱ ቀን ከጸሎቱ በኋላ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ይፈቱ ጀመር። ጋሪው አግዳሚዎቹን ሊወስድ ደጅ ቆሟል። ደረበና ጌች ሊሰናበቷት ገቡ፤ ካሊድም ከኋላቸው። እግዚአብሔር ያጥናሽ አሏት፣ የጎደለሽ ነገር ካለ ላኪብን አሏት። ከዚያ ጌች፣ ከሌላ ሰው ብትሰሚው ቅር ይልሽ ይሆናል ብሎ፣ አግዳሚውን ለመልቀቅ እንደቆረጡ ነገራት።

«አትልቀቁት» አለች ማስተዋል። «አሳድሱት።»

«በማን?» አለ ጌች። «ሰው አምጥተን እሱ ቦታ ላይ ልናስቀምጥ ነው? እኔ አልችልም እታለም፤ እንኳን አንድ ዓመት፣ ያን ዕለት ሽማግሌውን እንኳ አልቻልሁም።»

«ሰው አታምጡ። መሀሉን ማንም አይያዘው። የዚያን ቀን የተሸነፈ ይቀመጥበት።»

 ካሊድ ጢሙን ዳበስ አደረገና፣ እንዲህ ከሆነማ ማንቼ በተጫወተ ቁጥር ቦታው ላይ ግፊያ ሊነሳ ነው አለ። ጌች ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ካሊድ የመሀሉ ቦታ ሂሳብ በእኔ ይሁን፣ ለጋራዦቹም እኔ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ወጣ። ደረበ ማስተዋልን እጅ ነስቶ ሲወጣ አግዳሚውን ከጌች ጋር ራሱ ተሸክሞ ጋሪው ላይ ጫነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ለቅሶ ደራሹ ወደ አረሙ ተመልሷል፤ እማማ አሰበች ብቻ ጓዳ ውስጥ የእድሩን ሳህኖች ይቆጥራሉ። ማስተዋል ደጃፉ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። ከካሊድ ቤት በኩል ጩኸት ይመጣል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይመጣል። ጩኸቱ የማን እንደሆነ መለየት አትችልም። ሰዓቱ ያረጋል መጣሁ ብሎ የሚወጣበት ነው፤ ሰውነቷም ያንን ያውቀዋል መሰለኝ፣ ዓይኗ እግሯ ሥር የእሱን የሻሂ ብርጭቆ ይፈልግ ነበር።

ጩኸቱ ገና ሳይበርድ መምህር ደረበ በጭቃው መንገድ ብቻውን መጣ። የፕላስቲክ ጫማው ተጨማልቋል። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ቆመና እንዴት ዋልሽ አላት።

«አለቀ?» አለችው።

«አላለቀም። ስንሸነፍ ጊዜ ጌች ተነስ አለኝና መሀል ገባሁ፤ እንዳልሽው። ትንሽ ተቀመጥሁ።» የተጨማለቀ ጫማውን በሣሩ ላይ ጠረገ። «ከጎኔ ግን እሱ…» አለና ቀሪው አልወጣለት አለ። እጁን ወደ መንገዱ ዘርግቶ ተወው።

በእነዚህ ቀናት ሰው ሊያጽናናት የነገራት ቃል ብዙ ነው፤ ሁሉንም ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ውስጥ ለእሱ የሚሆን አንድም አላገኘችም። ማን አሸነፈ ብላም አልጠየቀችውም። የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ ከጉልበቷ ሥር ሰበሰበች፣ ወደ ሰሌኑ ዳር ፈቀቅ አለችና የለቀቀችውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችለት።