ውሻውስ?

«በመጨረሻ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት የሟች ባሏ ታላቅ እህት ቀደሟት። «አደራ ነው ያለው» አሉ እትዬ፣ መሐረባቸውን ጉልበታቸው ላይ እያጠፉ። «እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘና፣ ‹እህቴን አደራ፤ ብቻዋን ናት› አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ዓይኑን ከደነ።»

«ወይኔ! ፈገግ ብሎ?»

«ፈገግ ብሎ።»

ፈገግታው ዛሬ የተጨመረ ነው። ትላንት አልነበረም። «ብቻዋን ናት» የሚለው ትላንት ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው አደራው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ጠርዙ ሲረዝም፣ ጥልፍ ሲጨመርበት የሚውል ልብስ እንደምታይ ሆና ትሰማለች። አትናገርም። ጥፋቱ ውስጥ የእሷም እጅ ነበረበት። እትዬ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ስለ እኔ ያነሳው ነገር አለ?» ብለው አንገቷ ላይ ሲጠመጠሙ፣ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አደራውም፣ እጅ መያዙም፣ ፈገግታውም የበቀሉት ከዚያች ንቅናቄ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከየቤቱ የተሰበሰቡ፣ ቁመታቸው የማይመጣጠን ወንበሮች ተደርድረዋል። ረጅሙ ላይ የተቀመጠ ሰው አጭሩ ላይ የተቀመጠውን ከላይ ወደ ታች እያየ ያጽናናዋል። የልብስ ስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ከአልጋው ራስጌ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ልቦለድ ተከፍቶ እንደተደፋ ነው፤ በላዩ ላይ የባሏ መነጽር አለ። የግራው መስታወት ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ይታያል። መነጽሩ በተንሸራተተ ቁጥር በአውራ ጣቱ ገፋ የማድረግ ልማድ ነበረው። ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ውስጥ የሰው መስታወት ሲሞርድና ሲያጠራ ይውል ነበር፤ የራሱ ግን ሁልጊዜ እንዳደፈ ነበር።

በር አጠገብ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ የገባበት ሲኒማ ቤት ሰላም አልነበረውም።»

«እኔንማ ልቤ ተሰብሮ ሳለቅስ ከኋላዬ ሆኖ፣ ‹እንባዋስ ወረደ፤ ንፍጧ የት ቀረ?› አለኝ። ስለ ተዋናይቷ ነው። እኔ ግን አፍንጫዬን ያዝኩ።»

«ዳኛው እኮ ነው!»

ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነበር። ማንም ሳይሾመው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሰው ሁሉ የወደደውን ፊልምና ሰው ሁሉ የሚቀባበለውን መጽሐፍ እያነሳ ይፈርዳል። ጋዜጣ ላይ አልጻፈም፤ መድረክ ላይም አልወጣም። ፍርድ ቤቱ የእራት ጠረጴዛው ነበር፤ ችሎቱን የምትታደመውም ሚስቱ ብቻ ናት። እሷ ልብሱን እየተረተረች፣ እሱ ታሪኩን እየተረተረ።

«ዘጠኝ ጥይት የበላ ሰው ያን ሁሉ ያወራል?» ይላል። «እናቱን ይቅርታ ጠየቀ፣ ልጅቷን ለጓደኛው ዳረ፣ ስለ አገር መከረ፣ ከዚያ ሞተ። ደግሞ ሰው ሲሞት ዝናቡ ከየት ነው የሚመጣው? ሰማዩ ደሞዝተኛ ነው? እውነተኛ ሰው እኮ ‹ሻዩ ቀዝቅዟል› እያለ ነው የሚሞተው።»

«እስቲ መጀመሪያ ጨርሰውና ፍረድ» ትለዋለች። ያልተቋጨ ክርክራቸው ይህ ነበር። መጽሐፍ ገና ከግማሽ ሳያልፍ ነው የሚፈርደው።

«ሾርባው መኮምጠጡን ለማወቅ ድስቱን መጨረስ የለብኝም።»

ደስ ሲለው ግን አይናገርም። አንድ ነገር ልክ ሆኖ ሲያገኘው ዝም ይልና መነጽሩን አውልቆ፣ እፍ ብሎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ቀኙንም ግራውንም ቀስ አድርጎ ይወለውላል። እሷ ያኔ መቀሷን ታስቀምጣለች። በዓመት ውስጥ አንዴ ቢሆን ነው፤ አንዳንዱ ዓመት ጨርሶ የለም።

ደረቱ መታመም ሲጀምርም ቀልዱን አልተወም። «በልቦለድ ውስጥ የሳለ ሰው አይተርፍም» አላት አንድ ጠዋት፣ ስሎ ሲጨርስ። «ደራሲው አስቦብኛል ማለት ነው።» እሷ አልሳቀችም። እሱም ሁለተኛ አልደገመውም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ተደግፎ ያነባል። እሷ መስኮቱ ሥር የሰው ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች፤ ከንፈሮቿ መሃል ስፒሎች ነክሳለች። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ገጽ ሲገለጥ ሰማች፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ።

«ውሻውስ?» አለ።

«ህም?» አለች፤ በስፒል በተሞላ አፍ ከዚያ በላይ አይባልም። አንዱን ስፒል ሰካች። ሌላውን ሰካች። ጠርዙን እስከ ስፌቱ አዳረሰችና አፏ ባዶ ሲሆን፣ «የቱ ውሻ?» አለች።

መልስ አልመጣም። ማንበቡን የቀጠለ መሰላት። ክሩን በጥሳ፣ ቀሚሱን ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ወጥቶላታል። ከዚያ ነው ዞር ያለችው። መጽሐፉ ደረቱ ላይ ተደፍቶ ነበር።

ይህን ለማን ትናገራለች? ሰው የሚጠይቃት የመጨረሻ ቃሉን ነው። «ውሻውስ?» ብትል ምን ይሏታል? ሐዘን አእምሮዋን አናጋው ይላሉ። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝም ባለች ቁጥር ክፍሉን የሞላው ሰው የሚያለቅሰው ለሌላ ሰው እየመሰላት መጣ። አደራ ሰጥቶ፣ እጅ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ለሞተ አንድ መልካም ሰው። እሷ አታውቀውም። እሱን አላገባችም።

ረፋዱ ላይ ፍሬም ገጣሚው መጣ። መነጽር ቤት ውስጥ ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሠራ፣ ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው፤ ባሏ የሚሞርደውን መስታወት ፍሬም ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። መጽሐፉንም ያዋሰው እሱ ነበር። አጭሩ ወንበር ደረሰውና ጉልበቱ አገጩ ሥር ሆኖ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጨረሰው?» አለ፣ በአገጩ ወደ መጽሐፉ እያመለከተ።

«አልጨረሰውም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

እትዬ ጥያቄውን ለራሳቸው ወሰዱት። «አደራ ነው ያለው፣ ወንድሜ» አሉ ወደ እሱ ዞር ብለው። «ጠርቶ አስቀመጣትና፣ እጇን ያዘ። ውጪ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል...»

«ዝናብ አልነበረም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እትዬ ቆም አሉ። «ምን አልሽ?»

«ዝናብ አልነበረም፣ እትዬ። ፀሐይ ነበር።» ቃሎቹን እንደ ስፒል አንድ በአንድ ሰካች። «እጄንም አልያዘም። እጄ ሥራ ላይ ነበር። ፈገግም አላለም። ‹ውሻውስ?› ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።»

በር አጠገብ የነበሩት ሴቶች ተያዩ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት የሻይ ብርጭቆዋን ወደ አፏ እንዳስጠጋች ቀረች።

መጀመሪያ የተሰማው የፍሬም ገጣሚው ድምፅ ነው። ሳቅ ነው ብሎ የጀመረው ነገር መሃል ላይ ሌላ ሆነበት፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቡላው ውሻ!» አለ በጣቶቹ መሃል። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በሩ ሥር ታስሮ የቀረው! ልጁ ሲሰደድ ጥሎት የሄደው! አየኸው ወይ አንተ ጉደኛ! እኔ እኮ ረስቼው ነበር፤ ያስታወስኩት መጨረሻው ላይ...»

«እንዳትነግረኝ!»

ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ጮኻ ትናገራለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ እሷም ራሷ ደነገጠች። ፍሬም ገጣሚው አፉን በመዳፉ ከደነ። በዚያ ቤት መጨረሻ መንገር እንግዳን ከማስወጣት የማይተናነስ ነውር እንደነበር ያውቃል።

እትዬ ተነሥተው ወደ ኩሽና ገቡ።

ስትከተላቸው ባዶ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ መልሰው ያስቀምጣሉ። ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ «ታዲያ ለምን ራስሽን ነቀነቅሽልኝ?» አሉ።

«መናገር አቅቶኝ ነው።»

«በሰው ፊት ቀጣፊ አደረግሽኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ዝናቡን ሲጨምሩበት ነው ያልቻልኩት። እሱ ዝናቡን ምን እንደሚለው ያውቃሉ።»

እትዬ አንድ ብርጭቆ አንሥተው ያዙ። «ስለ እኔ ምንም አላለም ማለት ነው» አሉ። «እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግሁት። በዚያ በማይረባ ፊልም ምክንያት ተኳርፈን ቀረን።»

አምና ሊጠይቁ መጥተው፣ ሦስቱም አብረው ሲኒማ ገብተው ነበር። አገር ምድሩ ያለቀሰበት ፊልም ነው፤ ልጇን ልትሰጥ የተገደደች እናት ታሪክ። እትዬ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው አለቀሱ። መብራቱ ሲበራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሽንኩርት ልጠው ሸጡልሽ፤ አንቺም ገዛሽ» አላቸው። እትዬ በማግስቱ ሻንጣቸውን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም፤ እሱም አልደወለም።

«ፊልሙን ተመልሶ አይቶት ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምኑን?»

«ያንኑ ፊልም። እርስዎ እንደሄዱ ሰሞን፣ ብቻውን ሄዶ። ሲመጣ አልተቆጣም፣ አልተሳለቀም፤ እራቱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ከዚያ፣ ‹እናትየዋ የልጁን የጫማ ክር የምታስርበት ቦታ አለ፤ እጇ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ሌላው ሰውነቷ ዝም ብሏል። እዚያች ላይ አልዋሹም› አለ። ‹እህቴም የእኔን እንደዚያ ታስርልኝ ነበር› አለ።»

እትዬ ዞሩ።

«ከዚያስ?»

«መነጽሩን ወለወለ።»

«ወለወለ?» እትዬ ምልክቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ቆይቶ ደግሞ እንደገና።»

«ታዲያ ምናለ ቢደውልልኝ?»

«‹ደውልላት እንጂ› ስለው፣ ‹አንዴ ፈርጃለሁ› አለኝ። ዳኛ ነዋ።»

እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው ወዲያው ተሰበረ፤ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ይዘው ቆዩ። ወደ ክፍሉ ሲመለሱ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት አዲስ ለመጣች ሴት ቀድማ ነገረቻት፤ «ስለ ውሻ ነው ያወራው አሉ።» እትዬም፣ «ስለ ውሻ ነው» አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «ወንድሜ ያልጨረሰውን አያልፍም ነበር።» ይህ ደግሞ እውነት አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ይህችኛዋን አለፈቻት።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰዉ ሳሳ። እትዬ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ መነጽሩን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ጎን አደረገችና መጽሐፉን እሱ ካቆመበት ገጽ ገለበጠችው።

ብቻዋን መጽሐፍ ጨርሳ አታውቅም። መጽሐፍ ለእሷ በእሱ አፍ ተነቅፎ፣ ተሰድቦ፣ ተተርትሮ የሚመጣ ነገር ነበር። አሁን ድምፅ የሌለው ገጽ ከባድ ሆነባት። ልጁ ባዕድ ከተማ ውስጥ ሠራ፣ ተታለለ፣ አፈቀረ። ውሻ የለም። ወንድሙ ሞተ፤ ሲሞት ንግግር አደረገ፤ እሷም ሳታውቀው በአፍንጫዋ እህ አለች፣ ልክ እንደ እሱ። ውሻ የለም። ገጾቹ እየሳሱ ሲሄዱ ደስ እያላት መጣ፤ እሱ ልክ ነበር፣ ደራሲው ረስቶታል። ከዚያ ደስታዋ ተንኖ ጠፋ። ልክ ከነበረ የቀረው ነገር የለም፤ ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ክርክሩ አልቋል።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ልጁ ጎልምሶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ቤቱ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ጎረቤት ደጃፍ ላይ ያረጀ ቡላ ውሻ ተኝቷል። ውሻው ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ ራሱን መልሶ እግሮቹ ላይ ያሳርፋል። ሌላ ምንም የለም። ዝናብ የለም፣ እንባ የለም፣ ማንም ማንንም አላቀፈም።

ደግማ አነበበችው።

«ጨርሰህ ፍረድ አላልኩህም?» አለች ወደ ትራሱ ዞራ። ልማድ ሆኖባት መልሱን ጠበቀች። እትዬ በእንቅልፋቸው ተነፈሱ፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው መኪና ለማስነሣት ይታገላል።

መነጽሩን አነሣችው። እፍ አለችበትና በቀሚሷ ጫፍ የቀኙን መስታወት ቀስ አድርጋ፣ ዙሪያውን እስከ ፍሬሙ ድረስ፣ ብርሃን እስኪያልፍበት ወለወለች። ጨርቁን ወደ ግራው አሻገረች። የአውራ ጣቱ አሻራ መሃሉ ላይ ነበር።

እጇ ቆመ። ግራውን ሳትነካ፣ መነጽሩን እንደተዘረጋ የውሻው ገጽ ላይ አስቀመጠችው።